አሜባ ነው ብለን እንዳንዘናጋ፦ የአንጀት ካንሰርና ከበላዩ የሚቆጣው አንጀት



በግድግዳ ጋዜጣ የጤና ዓምድ ላይ ስለ ወባ፣ ስለ ትራኮማና ስለ ንጹሕ ውሃ መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ስለማይወራለት፣ ቢወራም በሹክሹክታ ስለሚነገርለት አንድ ጉዳይ ልናቀርብላችሁ ፈለግን። ጉዳዩ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። በተለይም ካንሰሩ መንገዱን ሲዘጋ፣ ከመዘጊያው በላይ ያለው አንጀት እንዴት እንደሚቆጣና እንደሚቆስል ለማስረዳት እንሞክራለን። «ይኸ የሐኪሞች ሥራ አይደለም እንዴ? እኛን መምህራንን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እንደሚያገባን ወደ ኋላ ላይ የምንስማማ ይመስለናል።

ከመካከላችን ነገ ጀልዴሳ የሚመደብ ይኖራል። ጀልዴሳ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በቆላው የምትገኝ፣ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ያለች የገጠር ስፍራ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ መምህር የሚፈለገው ለክፍሉ ልጆች ብቻ አይደለም። የመድኃኒት ወረቀት ይዞ የሚመጣ አለ፤ «ልጄ፣ ይኸ ኪኒን በቀን ስንቴ ነው የሚዋጠው?» የሚል አለ፤ «ሆዴን አሞኛል፣ ወደ ድሬዳዋ ልሂድ ወይስ ልተወው?» ብሎ ምክር የሚጠይቅ አለ። ይኸ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንዳንድ ጊዜ ግን የአንድ ሰው ሕይወት የሚወሰነው በምንሰጠው መልስ ነው።

በቃሬዛ ያለፈው ሰው

ጀልዴሳ የዛሬን አያድርገውና ትልቅ የንግድ መተላለፊያ ነበረች። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው የግመል ቅፍለት በጀልዴሳ በኩል ያልፍ ነበር። ቀረጥ የሚከፈልበት ኬላም ነበረባት።

በዚያው መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1891 (በእኛ 1883 ዓ.ም.) አንድ በሽተኛ በቃሬዛ ተጭኖ አለፈ። ሰውየው በሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ስላቃተው 16 ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ከሐረር እስከ ዘይላ ወሰዱት። በመንገድ ላይ በጻፈው ማስታወሻ ጀልዴሳን ከማረፊያዎቹ መካከል ጠቅሷታል። ማርሴይ ከተማ ሲደርስ ሐኪሞች ዕጢ ሆኖ አገኙት፤ እግሩ ተቆረጠ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ37 ዓመቱ ሞተ።

እርግጥ ነው፣ የራምቦ በሽታ የአንጀት አልነበረም። ታሪኩን ያነሳንበት ምክንያት ሌላ ነው። ከጉዞው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ለእናቱ በላከው ደብዳቤ ሕመሙን የእግር ደም ሥር ማበጥ አድርጎ ቆጥሮት፣ ለዚሁ የሚሆን የሚለጠጥ ካልሲ እንድትልክለት ጠይቋት ነበር። ማለትም በሽታውን በሌላ፣ በቀላል ስም ጠራው። ካንሰር ጊዜ የሚያገኘው እንዲህ በተሳሳተ ስም ሲጠራ ነው። የአንጀት ካንሰርም በአገራችን የሚደበቅባቸው ስሞች አሉት። «አሜባ ነው፣ ኪንታሮት ነው፣ ጫት አድርቆኝ ነው» ይባላል። እነዚህን ስሞች ከመመርመራችን በፊት ግን የአንጀትን አሠራር እንይ።

መንገዱን እንወቅ

የምንበላው ምግብ ከጨጓራ ወጥቶ ወደ ቀጭኑ አንጀት ይገባል። ቀጭኑ አንጀት በአዋቂ ሰው 6 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ምግቡ በብዛት የሚፈጨውና ወደ ደም የሚገባው በዚሁ ነው። ከዚያ የተረፈው ቀጭን ፈሳሽ ወደ ትልቁ አንጀት ይተላለፋል። ትልቁ አንጀት ርዝመቱ 1.5 ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ስፋት አለው። ዋና ሥራው ከፈሳሹ ውስጥ ውሃና ጨው መምጠጥና የቀረውን ሰገራ አድርጎ ማጠራቀም ነው።

ትልቁን አንጀት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብንሥለው ‹በ› የሚለውን ፊደል ይመስላል። ከሆዳችን በስተ ቀኝ ከታች፣ ትርፍ አንጀት ካለበት አጠገብ ይጀምራል። ወደ ላይ ወጥቶ ጉበት ሥር ይታጠፋል፤ ሆዳችንን አቋርጦ ወደ ግራ ይሄዳል፤ በግራ በኩል ይወርድና ጥቂት ተጠማዞ ፊንጢጣ ላይ ያበቃል።

ሦስት ነገሮችን በተለይ ልብ እንበል።

አንደኛ፣ በስተ ቀኝ ያለው ክፍል ሰፊ ነው፤ በውስጡ ያለውም ገና ፈሳሽ ነው። በስተ ግራ ያለው ጠበብ ያለ ነው፤ በውስጡ ያለው ደግሞ እየጠጠረ የመጣ ሰገራ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀጭኑና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት ቦታ ወደፊት የሚያሳልፍ፣ ወደ ኋላ ግን የማይመልስ መዝጊያ አለ። በብዙ ሰዎች ዘንድ ይኸ መዝጊያ ጠንካራ ነው።

ሦስተኛ፣ የአንጀት ግድግዳ አንድ ወጥ አይደለም። ከውጭ ለስላሳ ልባስ፣ መካከሉ ላይ የሚገፋ ጡንቻ፣ ከውስጥ ደግሞ ስስ ሽፋን አለው። ይኸ የውስጥ ሽፋን ዘወትር ስለሚታደስ ብዙ ደም ይፈልጋል። ደም ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ካንሰሩ እንዴት ይዘጋል?

የትልቁ አንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው። ፖሊፕ ሁሉ ካንሰር አይሆንም። የሚሆነውም ቢሆን ብዙ ዓመታት፣ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይህ ረጅም ጊዜ ለሰው ልጅ የተሰጠ ዕድል ነው ማለት ይቻላል፤ ፖሊፑ በጊዜው ከተገኘ ሆድ ሳይቀደድ በመመርመሪያው ቱቦ በኩል ተቆርጦ ሊወጣ ይችላልና።

ዕጢው በስተ ቀኝ ከበቀለ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ቶሎ አይዘጋም። ድምፁን አጥፍቶ በጥቂት በጥቂቱ ይደማል፤ ሰውየው ምክንያቱ ሳይታወቅ ደም ያንሰዋል፤ ይደክመዋል። የእግር ኳስ ንጉሥ የሚባለው ብራዚላዊው ፔሌ በስተ ቀኝ አንጀቱ ላይ ዕጢ የተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2021 ለተለመደ ምርመራ በሄደበት ጊዜ ነበር። ተቀዶለት ሕክምና ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ መጨረሻ 2022 በ82 ዓመቱ በዚሁ በሽታ ሞተ።

ዕጢው በስተ ግራ ከበቀለ ግን ነገሩ ይለያል። አንጀቱን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይዞ ያጠበዋል። በመጀመሪያ ሰገራው እንደ እርሳስ ይቀጥናል። ቀጥሎ ድርቀት ይመጣል። ከድርቀቱ በኋላ ደግሞ በድንገት ተቅማጥ ይከተላል፤ ከጠባቡ ቀዳዳ በላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ እየሾለከ ይወርዳልና። ድርቀት፣ ተቅማጥ፣ እንደገና ድርቀት። በመጨረሻም መንገዱ ፈጽሞ ይዘጋል፤ ሰገራም አየርም አይወጣም። የትልቁ አንጀት ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች ውስጥ ቀላል የማይባሉት ወደ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደርሱት በዚህ ሁኔታ ነው።

ቁስሉ ያለው ዕጢው ላይ ብቻ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንጀቱ ሲዘጋ ከመዘጊያው በላይ ምን ይሆናል? «በላይ» ስንል ወደ ጨጓራው በኩል ያለውን ማለታችን ነው።

ሰገራ፣ ፈሳሽና አየር ይጠራቀማል። ወደፊት እንዳይሄድ ዕጢው ዘግቶታል፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቀደም ብለን የጠቀስነው መዝጊያ አለ። ስለዚህ አንጀቱ በሁለት በኩል እንደ ታሰረ ካላማዳሪ እየተነፋ ይሄዳል። ግድግዳው ሲለጠጥ በውስጡ የሚያልፉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ። ደም ያነሰው የውስጥ ሽፋን ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። በሰገራው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያንም በቁስሉ ይገባሉ። ሐኪሞች ይህን በመዘጋት ምክንያት የሚመጣ የትልቁ አንጀት ብግነት ይሉታል። በትልቁ አንጀት ካንሰር ከታመሙት መካከል ከመቶ ከ1 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ከልዩ ልዩ አገሮች ተዘግቧል። በአብዛኛው የሚያጠቃው በዕድሜ የገፉትንና አስቀድሞም የደም ዝውውር ችግር ያለባቸውን ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ከዕጢው ጋር አይያያዝም። በዕጢውና በቆሰለው ቦታ መካከል ደህና፣ ጤነኛ አንጀት ይገኛል። ይህ ጤነኛ ክፍል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ከስንዝር ያልፋል። ከዚያ በላይ እንደገና ቁስለት ይጀምራል።

የጀልዴሳን የድሮ ኬላ በምሳሌነት እንውሰድ። ኬላው ለብዙ ቀን ተዘጋ እንበል። ግመሎቹ ከነጭነታቸው ከኋላ ይደራረባሉ። ውሃ የሚያልቀውና ግመል የሚወድቀው የት ነው? በኬላው በር ላይ ላይሆን ይችላል። ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ቅፍለቱ በተጨናነቀበትና ጉድጓዱ በደረቀበት ሰፈር ነው። አንድ መንገደኛ ያንን ሰፈር ብቻ አይቶ «እዚህ በሽታ ገብቷል» ቢል ተሳስቷል፤ በሽታው ያለው ኬላው ላይ ነው። ኬላው እስካልተከፈተ ድረስ ለወደቁት ግመሎች መድኃኒት መስጠት ዋጋ የለውም።

ግፊቱ ከቀጠለ ሌላ አደጋ ይመጣል። ካላማዳሪ ሲነፋ ቶሎ የሚወጠረው ሰፋ ያለው ቦታ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ግፊቱ እኩል ሆኖ ሳለ ሰፊው ክፍል ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ይበልጣል። በትልቁ አንጀት ውስጥ ከሁሉ የሚሰፋው በስተ ቀኝ ያለው መጀመሪያው ነው። ስለዚህ ዕጢው በስተ ግራ ሆኖ ሳለ አንጀቱ በስተ ቀኝ ሊፈነዳ ይችላል። ይኸ ክፍል በራጅ ሲታይ ስፋቱ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ሐኪሞች እጅግ ይሠጋሉ። ከፈነዳ ሰገራው ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈሳል፤ ያኔ ጉዳዩ የሰዓታት ነው።

ለምን ያሳስታል?

እንግዲህ አንድ አባት በዚህ ሁኔታ ውስጥ አሉ እንበል። የሚሰማቸው ምንድን ነው? ቁርጠት፣ ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት። ታዲያ ይኸ በአገራችን ሰው አፍ ምን ይባላል? አሜባ!

አሜባ በእርግጥ አለ። ንጹሕ ውሃ ባልተዳረሰበት አካባቢ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአሜባ ወይም ከሌላ ተሕዋስ ነው፤ በመድኃኒትም ይድናል። ችግሩ ያለው መድሐኒቱን ወስደው ሳይሻላቸው ሲቀር ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ምርመራ አንጠይቅም፤ ያንኑ ሜትሮኒዳዞል ከመድኃኒት መደብር እንደገና እንገዛለን። ሁለተኛ ዙር፣ ሦስተኛ ዙር። አንዳንዴ ጥቂት የተሻለ ይመስላል፤ በመሐል ተቅማጡ በራሱ ጋብ የሚልበት ጊዜ አለና። ዕጢው ግን ማደጉን አያቆምም።

ሁለተኛው ስም ኪንታሮት ነው። ደም ያየ ሰው ሁሉ ኪንታሮት ነው ይላል። ኪንታሮት ራሱ ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሦስተኛው ምክንያት ጫት ነው። በእኛ አካባቢ ድርቀት ሲመጣ «ጫቱ ነው ያደረቀኝ» ማለት የተለመደ ነው። ጫት ሆድ እንደሚያደርቅ እውነት ነው። ግን ለ20 ዓመት ሲቅም ሆዱ ልማዱን ያልለወጠ ሰው ዘንድሮ በድንገት ከተለወጠበት ጥፋቱን በጫቱ ላይ መጣል አይበቃም።

የሚሳሳተው ግን ተራው ሰው ብቻ አይደለም። በሽታው ሐኪሞችንም ያስቸግራል። የቆሰለው አንጀት በራጅም ሆነ በሲቲ ስካን ሲታይ ግድግዳው ወፍሮ ስለሚገኝ ካንሰሩ እስከዚያ ድረስ የተስፋፋ ሊመስል ይችላል። ወይም ደግሞ ሌላ የአንጀት ብግነት፣ የአንጀት ቲቢ፣ የደም ሥር መዘጋት ነው ሊባል ይችላል። የሚለይበት አንዱ መንገድ አቀማመጡ ነው። አልሰረቲቭ ኮላይተስ የሚባለው የታወቀው የአንጀት ብግነት አብዛኛውን ጊዜ ከፊንጢጣ ጀምሮ ሳይቋረጥ ወደ ላይ ይወጣል። ይኸኛው ግን ከመዘጊያው በታች ያለውን አይነካም። ታች ደህና፣ ከዚያ ዕጢ፣ ከዚያ እንደገና ደህና፣ ከዚያ ቁስል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሐኪም ቁስሉን ሲያይ «ከበታቹ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የትልቁ አንጀት መዘጋት ሲባል ከጥንት ጀምሮ በሆስፒታሎች ሲታይ የኖረው የአንጀት መጠማዘዝ ነው። በስተ ግራ ያለው ረጅም የአንጀት ክፍል በራሱ ላይ ይዞርና ይታነቃል። ይኸ ብዙውን ጊዜ በድንገት ይመጣል፤ የትናንቱ ጤነኛ ገበሬ ዛሬ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ይገኛል። ካንሰር ግን ለወራት ምልክት እየሰጠ የሚመጣ ነው። ሁለቱም አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋሉ።

ቀድሞ የአንጀት ካንሰር የሀብታም አገር በሽታ ነው ይባል ነበር። አሁን እንዲህ ብሎ መቀመጥ አይቻልም። በአዲስ አበባ የካንሰር ሕሙማን መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሲያዝ ቆይቷል፤ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በብዛት ከሚገኙት ተርታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙና ከ900 ሺህ በላይ እንደሞቱ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ገምቷል። በአገራችን ከሚታከሙት መካከል ከ50 ዓመት በታች የሆኑ ብዙዎች መኖራቸው ደግሞ «እኔ ገና ወጣት ነኝ» ብሎ መዘናጋትን ይከለክላል።

በጊዜ መድረስ ምን ያህል እንደሚለይ አንድ ማነጻጸሪያ እንስጥ። በአሜሪካ በተያዘው መዝገብ መሠረት፣ ካንሰሩ ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተገኘላቸው 10 ሰዎች 9ኙ ያህል ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ወደ ሌላ አካል ከተሠራጨ በኋላ ከተገኘባቸው 10 ሰዎች ግን የሚተርፉት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። በሽታው ያው አንድ ነው፤ የሚለየው የተገኘበት ጊዜ ነው።

መደረግ የሌለበት

ሆድ ሲደርቅ ማስቀመጫ መውሰድ የቆየ ልማዳችን ነው። ሰናመኪ የሚያፈላ አለ፤ የጉሎ ዘይት የሚጠጣ አለ፤ ኮሶ የሚወስድ አለ። ለተራ ድርቀት አንዳንዱ ይረዳ ይሆናል። የተዘጋ አንጀት ላይ ግን ኃይለኛ ማስቀመጫ መውሰድ የተዘጋ ኬላ ላይ ተጨማሪ ቅፍለት መንዳት ማለት ነው። አንጀቱ በኃይል ይገፋል፣ በሩ አይከፈትም፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ የቆሰለው ቦታ ይበሳል። ስለዚህ ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስመልሰውና አየር እንኳ መውጣት ያቆመበት ሰው ማስቀመጫ፣ ምግብም ሆነ ሆድ ማሸት አይሰጠው። አፉን ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ሆስፒታል ሲደርስ

በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታልና ሳቢያን ሆስፒታል አሉ። በሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። ራምቦ በቃሬዛ ባሕር ተሻግሮ የፈለገው ቀዶ ሐኪም ዛሬ ለጀልዴሳ ሰው በመኪና መንገድ ርቀት ላይ ይገኛል።

በሽተኛው ሲደርስ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ በአፍንጫ በኩል ቱቦ ገብቶ ጨጓራው ይተነፍሳል። ራጅ ይነሳል። የሚቻል ከሆነ ሲቲ ስካን ይታያል፤ ወይም ከታች በኩል ካሜራ ባለው ቱቦ ይመረመራል። ከዚያም እንደ ሁኔታው ኦፕራሲዮን ይደረጋል።

እዚህ ላይ ቁስሉ ራሱን የቻለ ጣጣ ያመጣል። ከላይ እንዳልነው የሚቆስለው የውስጥ ሽፋን ነው። ከውጭ ሲያዩት ግን አንጀቱ ደህና ሊመስል ይችላል። ሐኪሙ ዕጢውን ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች ሲሰፋ፣ አንደኛው ጫፍ ከውስጥ የቆሰለ ከሆነ ስፌቱ አይይዝም፤ ይፈታል፣ ያፈስሳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ቀዳጅ የተቆረጠውን ጫፍ ከፍቶ ውስጡን ያያል፤ የቆሰለውንም ጨምሮ ያወጣል፤ የሚሰፋው ጤነኛውን ከጤነኛው ጋር ነው። ቁስለቱ ቀላል ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሲከፈት ደሙ ይመለስና ሽፋኑ በራሱ ይድናል።

አንዳንድ ጊዜ ወዲያው መስፋት አደገኛ ስለሚሆን የአንጀቱ ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ሰገራው በከረጢት ይወርዳል። ይኸ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር ነው። «ከሰው ተራ ወጣሁ» ብሎ የሚያዝን አለ፤ በዚህ ፍርሃት ኦፕራሲዮኑን እምቢ የሚልም አለ። ነገር ግን ከረጢቱ ከልብስ ሥር አይታይም፤ በአግባቡ ከተያዘ ሽታ የለውም። በብዙ በሽተኞች ላይም ከወራት በኋላ አንጀቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ባይመለስ እንኳ ሰውየው ይሠራል፣ ይጓዛል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ስለ ውዱእና ስለ ሶላት የሚጨነቅ ካለ ሼኩን ይጠይቅ፤ ለሕመምተኛ የሚሆን ሥርዓት አለ። እዚህ ላይ የመምህር ምክር ትልቅ ዋጋ አለው፤ ፍርሃቱን ሰምቶ በእርጋታ ማስረዳት ሥራችን ነውና።

ምን እንጠይቅ?

እኛ ሐኪም አይደለንም፤ በሽታ አንለይም። ግን መጠየቅ እንችላለን። አንድ ሰው የሆድ ሕመሙን ሲነግረን፣ ዕድሜውንና ክብሩን ጠብቀን፣ ለብቻው ገለል አድርገን የሚከተሉትን እንጠይቅ።

1. ሆድዎ ልማዱን ከለወጠ ስንት ጊዜ ሆነ? (ከ3 እስከ 4 ሳምንት ካለፈው ይመርመር።)

2. ድርቀትና ተቅማጥ ይፈራረቅብዎታል? ሰገራው ቀጥኗል?

3. ደም ያያሉ? ወይስ ሰገራው ጠቁሯል?

4. ሳያስቡት ከስተዋል? ይደክምዎታል?

5. የአሜባ መድኃኒት ስንት ጊዜ ወሰዱ? ተመርምረው ነው ወይስ በግምት? (ሁለት ጊዜ ወስዶ ያልተሻለው ሦስተኛ አይግዛ፤ ይመርመር።)

6. ከወላጅ ወይም ከእህት ወንድም መካከል በአንጀት ካንሰር የታመመ አለ?

ከእነዚህ አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል እንምራው። አብዛኛዎቹ ካንሰር ሳይሆኑ በቀላሉ የሚድን በሽታ ሆነው ይገኛሉ፤ ይህንንም ነግረን እናረጋጋው። ሰገራና አየር ቆሞ ሆድ ከተነፋ፣ ወይም ቁርጠቱ በድንገት በርትቶ ሆድ እንደ ጣውላ ከደረቀና ትኩሳት ከመጣ ግን ለነገ የሚባል ነገር የለም። ሌሊትም ቢሆን መኪና ይፈለግ።

በአካባቢው አንዱ ሶማሊኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ ይናገራል። ቋንቋውን የማናውቅ ከሆነ ከባልደረቦቻችን አንዱን እናስተርጉም እንጂ የተማሪ ልጅ የአባቱን ወይም የእናቱን ሰገራ ጉዳይ እንዲያስተረጉም አናድርግ። ሰውየው ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ ዋናውን ነገር ይደብቃል።

ውድ ባልደረቦቻችን! ከሁሉ በላይ የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። የምናየው ቁስል የበሽታው መነሻ ላይሆን ይችላል፤ መነሻው ከበታቹ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ይኸ በአንጀት ውስጥ እውነት እንደሆነ ሁሉ በምክራችንም እውነት ነው። «አሜባ ነው» ብሎ መሸኘት አንድ ደቂቃ ይፈጃል። «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ያቺን አምስት ደቂቃ አንንፈግ፤ የሚሄድለት ሰው ካጣም እስከ ድሬዳዋ አብረነው እንሂድ።